ከሆስፒታል በርና ከእድር ድንኳን መካከል፦ በአዳማ የአንድ ቤት ለቤት እንክብካቤ አገልግሎት ግምገማ

ይህን ግምገማ የምጽፈው አዳማ ውስጥ አንድ አነስተኛ የበጎ አድራጎት ድርጅት የአልጋ ቁራኛ ለሆኑ አረጋውያን በሚሰጠው የቤት ለቤት እንክብካቤ ላይ ሲሆን፣ አገልግሎቱን የማውቀው ታላቅ እህቴ ከኅዳር እስከ ሰኔ ለስምንት ወራት ስለተገለገለችበት ነው። የድርጅቱን ስም አልጠቅስም። ያሉት ነርሶች አራት ብቻ ናቸው፤ ወረፋው አሁንም ከአቅማቸው በላይ ነው፤ እኔም ምስጋናዬን ብቻ ሳይሆን ቅሬታዬንም ስለምጽፍ ስም ማንሳቱ ተገቢ አልመሰለኝም። አገልግሎቱ የሚያስፈልገው ሰው በቀበሌው ያሉትን የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኞች ቢጠይቅ መንገዱን ያሳዩታል።

እህቴ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ እታለም የምላት፣ ጡረታ የወጣች የአንደኛ ደረጃ መምህርት ናት። በጥቅምት ወር አንድ ማለዳ ቡና ልታፈላ ከሰል እያያያዘች ሳለ ግራ ጎኗ አልታዘዝ አላት፤ ስትሮክ ነበር። በአንድ ሆስፒታል አሥራ አንድ ቀን ከተኛች በኋላ የመድኃኒት ማዘዣ ሰጥተውን ‹‹እንግዲህ ቤት ወስዳችሁ ተንከባከቧት›› አሉን። መንከባከብ የሚባለው ነገር ምን ምን ሥራ እንዳለበት ግን የነገረን ሰው አልነበረም። ሁለቱ ልጆቿ ያሉት ዐረብ አገር ነው፤ አንዷ ቤይሩት፣ አንዷ ዱባይ። ገንዘብ በየወሩ ይመጣል፤ ጀርባ የሚያገላብጥ እጅ ግን በሐዋላ አይላክም። በደላላ የሚገኙ ተመላላሽ ሠራተኞችን ሞክረን ነበር፤ አንዷ በሦስተኛው ቀን፣ ሌላዋ በሳምንቷ ሄዱ። አልፈርድባቸውም፤ ወጥ ልትሠራና ልብስ ልታጥብ የተቀጠረች ልጅ በሽተኛ አጽጂ ስትባል ብትሸሽ አያስገርምም።

በድርጅቱ ከተመዘገብን በዘጠነኛው ቀን አንዲት ነርስና አንድ የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ መጡ። ባለሙያው ከእኔ ጋር ባለ አራት ገጽ ቅጽ ሲሞላ ነርሷ እጇን ታጥባ ወደ እታለም ገባች፤ ‹‹እማማ፣ እንደምን ዋሉ? ትንሽ ልነካዎት ነው›› ብላ ብርድ ልብሱን በእግር በኩል ገለጠችና በመጀመሪያ ያየችው ተረከዟን ነበር። እኔ ምን እንደምትፈልግ አልገባኝም። በእጇ ጀርባ ተረከዙን፣ ቀጥሎም የወገቡን አጥንት አካባቢ እየዳሰሰች ‹‹በእኛ ቆዳ ላይ መቅላቱ ጎልቶ አይታይም፤ ስለዚህ በዓይን ብቻ ከጠበቅነው ቁስሉ ይቀድመናል፤ ሙቀቱንና ጥጥር ማለቱን በእጅ ነው የምናገኘው›› አለችኝ። የቀኝ ተረከዟ ከሌላው ገላዋ ይሞቅ ነበር። ነርሷ አንድ አሮጌ ጋቢ አጣጥፋ ከባቷ ሥር አደረገች፤ ተረከዙ ፍራሹን ሳይነካ ተንጠልጥሎ ቀረ። ከዚያም አንሶላ ለሁለት አጥፋ ከዳሌዋ ሥር ካስገባች በኋላ፣ እኔን በአንድ ወገን፣ የጎረቤታችንን ልጅ በሌላ ወገን አቁማ፣ ክንዷን ሳንጎትት በአንሶላው ብቻ እንዴት እንደምናዞራት ሦስት ጊዜ አሠራችን። ከእንግዲህ በየሁለት ሰዓቱ ይህን ታደርጋላችሁ፣ ሌሊትም ጭምር፣ አለችን። ከሆስፒታሉ ከወጣን ሦስት ሳምንት ሊሞላን ሁለት ቀን ቀርቶት ነበር፤ በእነዚያ ቀናት ሁሉ እህቴን በብብቷ እየያዝኩ ሳነሳት ነው የከረምኩት፤ የሽባው ክንድ ትከሻ እንዲህ ሲጎተት ሊወልቅ እንደሚችል ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

ምግብን በተመለከተ ያሳየችን ነገር ደግሞ ይበልጥ አስደንግጦኛል። እኛ እታለም ጠማት እያልን በተኛችበት ውሃ በኩባያ እናጠጣት ነበር። ነርሷ ቀና አድርጋ ካስቀመጠቻት በኋላ አንድ ማንኪያ ውሃ ሰጥታ ጉሮሮዋን እያየች ጠበቀች፤ እህቴ ዋጠችና ሳል አላት። ቀጭን ፈሳሽ ወደ ሳንባ ሊሄድ ስለሚችል፣ መዋጧ እስኪሻሻል ድረስ ወፈር ያለ አጥሚት በማንኪያ እንድንሰጣትና ከበላች በኋላ ለግማሽ ሰዓት እንዳናስተኛት አስጠነቀቀችን። ይህ ሁሉ የፈጀው አንድ ሰዓት ተኩል ነው። የተጠቀመችባቸው ዕቃዎች ጋቢ፣ አንሶላ፣ ማንኪያና ሳሙና ናቸው፤ ከውጭ የመጣ ነገር ቢኖር ጓንቱ ብቻ ነበር።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰኞና ሐሙስ ጠዋት ይመጣሉ። ክፍያው በቤተሰቡ አቅም የሚወሰን ሲሆን፣ እኛ በወር 700 ብር እንከፍላለን፤ ሁለት ቤት አለፍ ብሎ ያሉ አንድ አባት ምንም አይከፍሉም፣ የሚያገኙት አገልግሎት ግን ያው የእኛው ነው። ተሽከርካሪ ወንበርና መጸዳጃ ወንበር በውሰት ይሰጣሉ። ከአልጋው ራስጌ አንድ ደብተር በሲባጎ ተንጠልጥሏል፤ ነርሷ የመጣችበትን ሰዓት፣ የደም ግፊቱን፣ ያየችውንና ለሚቀጥለው ቀን የተወችውን ትጽፍበታለች፣ ቤተሰብ ይፈርማል። ለእኔ የአገልግሎቱ ልብ ይህ ደብተር ነው።

ለምን እንዲህ አብዝቼ እንደምመለከተው ለማስረዳት ወደ ወጣትነቴ መመለስ ግድ ይለኛል። ከ1977 ዓ.ም. ጀምሮ የተማርኩት ሚንስክ፣ በዚያን ጊዜ ሶቪየት በነበረችው ቤላሩስ ነው። ናዝሬት ላይ በሶቪየት እርዳታ በተቋቋመው የትራክተር መገጣጠሚያ የሚገጣጠሙት ‹‹ቤላሩስ›› የተባሉት ትራክተሮች መነሻቸው የሚንስክ ፋብሪካ ስለነበር፣ እኛም ከዚያው ውኃ ልንቀዳ ተላክን። ፋብሪካ ስል የማሽን አዳራሽ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ በዙሪያው የሠራተኞች ሰፈር፣ መዋዕለ ሕፃናት፣ ሐኪም ቤትና የባህል አዳራሽ ነበረው። ሰው ከመወለዱ እስከ ጡረታው የሚያስፈልገው ነገር ከመሥሪያ ቤቱና ከመንግሥት እጅ ይመጣ ነበር። ይህን አይቼ መደነቄን አልክድም፤ ዛሬም ቢሆን ሁሉም ነገር ባዶ ነበር የሚሉትን አልቀበልም።

ነገር ግን ራሱን መርዳት ላቃተው ሰው የነበረው መልስ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ‹‹ኢንተርናት›› ይባላል። ኢንተርናት ማለት አረጋውያን፣ የአእምሮ ሕሙማን ወይም አካል ጉዳተኞች ተሰብስበው የሚኖሩበት፣ ብዙ ጊዜ ከከተማ ራቅ ብሎ የሚሠራ ትልቅ የመንግሥት ሕንፃ ነው። ጉዳት ያለበት ሕፃን ሲወለድ ወላጆቹ ገና ከማዋለጃው ሳይወጡ ‹‹ለመንግሥት ተዉት›› ተብለው መመከራቸው የተለመደ ነበር። በቤትና በኢንተርናት መካከል ያለው ቦታ ባዶ ነበር ማለት ይቻላል፤ ከ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የግል የበጎ አድራጎት ማኅበራት ተዘግተው ስለነበር ባዶውን የሚሞላ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1987 አንድ የሌኒንግራድ ደራሲ መንገድ ላይ ወድቆ ተጎድቶ ሳለ አላፊ አግዳሚው እንዴት ጥሎት እንደሄደ ጋዜጣ ላይ ጽፎ ከተማውን አነጋግሮ ነበር፤ በተከታዩ ዓመት በዚያው ከተማ ‹‹ሚሎሰርዲዬ›› የተባለ የበጎ ፈቃደኞች ማኅበር ተመሠረተ። ቃሉ ርኅራኄ፣ ምሕረት ማለት ነው፤ የሩሲያ ቋንቋ መምህራችን ጊዜው ያለፈበት ቃል እንደሆነ አድርጋ ነበር ያስተማረችን።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በዓይኔ አየሁ። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1991 ሶቪየት ኅብረት ፈረሰች፤ ጃንዋሪ 2 ቀን 1992 ሩሲያ የዋጋ ቁጥጥሩን አነሳች፣ ቤላሩስም ወዲያው ተከተለች። የመኝታ ቤታችን በር ጠባቂ የነበሩ፣ እኛ የአፍሪካ ተማሪዎች ‹‹ባቡሽካ›› የምንላቸው አሮጊት፣ ለቀብራቸው ብለው በቁጠባ ደብተር ያስቀመጡት ገንዘብ ነበራቸው። እዚያ አገር ይህ የታወቀ ልማድ ነው፤ ‹‹ግሮቦቪዬ›› ይሉታል፣ የሬሳ ሣጥን ገንዘብ እንደማለት። በጥቂት ወራት ውስጥ ያ ገንዘብ ለሣጥን ቀርቶ ለጥቂት ቀን ሥጋና ቅቤም የማይበቃ ሆነ። ወደ አገሬ ስመለስ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ብዙ አሮጊቶች ጋዜጣ አንጥፈው የቤታቸውን ዕቃ ይሸጡ ነበር፤ ማንኪያ፣ የክረምት ጫማ፣ አንዷ የባሏን ሜዳልያዎች። ያን ጊዜ በልቤ ‹‹እነዚህ ሰዎች እድር የላቸውም›› ማለቴን አስታውሳለሁ። የልጅነት ፍርድ ነበር፤ ግማሹ ግን ዛሬም እውነት ይመስለኛል።

በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወደዚያ የጎረፈው እርዳታ መጀመሪያ ላይ ዱቄት፣ ወተትና አሮጌ ልብስ የጫነ ከባድ መኪና ነበር። እሱ አለፈ። የቆየው ሌላ ዓይነት ሥራ ነው። ገና ሶቪየት ሳትፈርስ፣ እ.ኤ.አ. በ1990፣ እንግሊዝ አገር ይኖር የነበረው ጋዜጠኛ ቪክቶር ዞርዛ ከአካባቢው ሐኪሞች ጋር ሆኖ በሌኒንግራድ ላኽታ በተባለው ሰፈር የአገሪቱ የመጀመሪያ ሆስፒስ፣ ማለትም የማይድን ሕመም ላለባቸው ሰዎች በመጨረሻ ዘመናቸው እንክብካቤ የሚሰጥ ተቋም፣ እንዲቋቋም አደረገ። በ1993 በዚያው ከተማ፣ ስሙ ወደ ሴንት ፒተርስበርግ ተመልሶ ሳለ፣ ‹‹ጆይንት›› የተባለው የአይሁድ የእርዳታ ድርጅት የመጀመሪያውን ‹‹ኼሴድ›› ማዕከል ከፈተ። ኼሴድ በዕብራይስጥ ቸርነት ነው። ማዕከሉ አረጋውያንን ቤታቸው ድረስ ሄዶ ያጥባል፣ ያበላል፤ ምርኩዝና ተሽከርካሪ ወንበር ያውሳል፤ መንቀሳቀስ የሚችሉትን በቀን ሰብስቦ ያጫውታል፤ በጎ ፈቃደኞቹም አብዛኞቹ ራሳቸው ጡረተኞች ነበሩ። ይኸው አሠራር በኋላ ወደ ብዙ የቀድሞ ሶቪየት ከተሞች ተዛመተ። በሚንስክ በ1994 የተመሠረተው የሕፃናት ሆስፒስ ደግሞ ሐኪምና ነርስን በሞት አፋፍ ወዳሉ ልጆች ቤት የሚልክ ነው፤ የቼርኖቤል አደጋ በ1986 ሲደርስ እዚያው ተማሪ ስለነበርኩ ይህን ከሌላው ለይቼ እከታተለዋለሁ። ባቡሽካ የምንላቸውን እናት በመጨረሻ ዘመናቸው በሳምንት አንድ ቀን የቤላሩስ ቀይ መስቀል ተመላላሽ ነርስ ትጎበኛቸው እንደነበር አብሮኝ የተማረ ጓደኛዬ በደብዳቤ ነግሮኛል። ነርሷ የምትጽፍበት ደብተር ከሬዲዮው ጎን ይቀመጥ ነበር ብሎኛል።

ከሁሉም ይልቅ የሚያስተምረኝ የሞልዶቫ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 በዚያች ትንሽ አገር በመንግሥት የሕፃናት ማሳደጊያዎች የነበሩት ልጆች ከ11,000 በላይ ነበሩ፤ አብዛኞቹ ደግሞ ወላጅ አልባ አልነበሩም። ወላጆቹ ድሆች ነበሩ፣ ወይም ለሥራ ወደ ጣሊያንና ወደ ሩሲያ ሄደዋል፣ ወይም ልጁ አካል ጉዳተኛ ስለሆነ የሰፈሩ ትምህርት ቤት አልቀበልም ብሏል። የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና መንግሥት በአንድነት የሠሩት ሥራ ሕንፃውን ማደስ አልነበረም፤ እያንዳንዱ ልጅ ወደ ቤተሰቡ ወይም ወደ አሳዳጊ ቤተሰብ እንዲመለስና ለሕንፃው ይወጣ የነበረው ገንዘብና ባለሙያ ልጁን ተከትሎ እንዲሄድ ማድረግ ነበር። በተከታዮቹ ዓመታት ቁጥሩ እጅግ ቀነሰ። የዐረብ አገር ሐዋላ የሚጠብቁትን የአዳማ አያቶችና የልጅ ልጆች የሚያውቅ ሰው፣ የሞልዶቫን መንደር ለመረዳት ብዙ ማሰብ አያስፈልገውም።

እንግዲህ የአዳማውን አገልግሎት የምመዝነው በዚህ ሚዛን ነው። የቀድሞ ሶቪየት አገሮች በቤትና በተቋም መካከል የነበረውን ባዶ ቦታ ከምንም ተነስተው መሙላት ነበረባቸው። የእኛ ክፍተት የተለየ ነው። ሰው ሲሞት እዚህ የሚጎድል ነገር የለም፤ ጡሩምባ ይነፋል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ሣጥን ይገዛል፣ ንፍሮ ይቀቀላል፣ ለቅሶ ቤቱ ሦስት ቀን ሰው አይለየውም። ከሆስፒታል በር እስከ እድር ድንኳን ያለው መንገድ ግን፣ ወራትም ይሁን ዓመታት፣ ባለቤት የለውም። ጠያቂ ብርቱካን ይዞ ይመጣል፣ ‹‹እግዜር ይማርሽ›› ብሎ ይሄዳል። አዳማ የከተማ ሴፍቲኔት የተባለው የመንግሥት የድሆች ድጋፍ ፕሮግራም መጀመሪያ ከተጀመረባቸው 11 ከተሞች አንዷ መሆኗ፣ መሥራት ለማይችሉ አረጋውያንም ቀጥታ ድጋፍ መስጠቱ መልካም ነው፤ ይሁንና የሚሰጠው ገንዘብ እንጂ እጅ አይደለም፣ እህቴን የመሰለች ጡረተኛንም አይመለከትም።

ድርጅቱ ከሌሎች የበለጠብኝ ይህን ክፍተት ብቻውን እሞላለሁ ብሎ አለመነሳቱ ነው። በሁለተኛው ወር የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያው የእድራችንን ዳኛ አነጋግሮ በወርኃዊው ስብሰባ ላይ እንዲናገር ተፈቀደለት። እኔም ነበርኩ። ገና ንግግሩን ሳይጨርስ አንድ ሽማግሌ ተነስተው ‹‹እድር ለቀብር ነው፤ ለበሽተኛ ማውጣት ከጀመርን ለሬሳ ምን ሊተርፍ ነው?›› አሉ፤ ብዙ ሰው አጉረመረመ፣ በስምምነት ነበር። ባለሙያው ገንዘብ እንደማይጠይቅ ተናገረ። የጠየቀው ሁለት ነገር ነው፤ ነርሷ በማትመጣባቸው ቀናት ጠዋት ጠዋት እየተፈራረቁ አንድ ሰዓት የሚቀመጡ፣ ድርጅቱ የሚያሠለጥናቸው ሦስት ሴቶች፣ እና ለተሽከርካሪው ወንበር መውጫ የሚሆን ሳንቃ። ዝምታ ሆነ። ከበስተኋላ ከተቀመጡት እናቶች አንዷ ‹‹ስትሞት ሦስት ቀን ልንቀመጥላት ተማምለን የለ? ከዚያ ላይ አንድ ሰዓት ቀንሰን ዛሬ ብንሰጣት ማን ይከሰናል?›› አሉ። ሰው ሳቀ፤ ሳቁ ነገሩን ጨረሰው። ሦስት ሴቶች ተመዘገቡ፣ ሳንቃውም ከእድሩ ዕቃ ቤት፣ ከተሰበረ አግዳሚ ወንበር ተፈልጦ መጣ። እታለም ከአራት ወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ከግቢ ወጥታ የአዳማን አቧራማ ነፋስ ፊቷ ላይ ስታገኘው ዓይኗን ጨፍና ቆየች፤ ‹‹ይኸ ነፋስ እንኳ ናፍቆኝ ነበር›› አለች፤ አነጋገሯ ያን ጊዜ ገና ኮልታፋ ነበር።

አሁን ወደ ቅሬታዬ ልግባ። ደብተሩን ቆጥሬ እንደማውቀው በስምንት ወር ውስጥ ከተቀጠሩልን 68 ጉብኝቶች ሰባቱ ቀርተዋል፤ ከሰባቱ ሦስቱ ሳይነገረን ነው የቀሩት። ለአልጋ ቁራኛ ቤት የቀረ ጉብኝት ቀላል ነገር አይደለም፤ ነርሷ ትመጣለች ተብሎ ያልታጠበ ገላ፣ ያልተቀየረ የቁስል ፋሻ፣ ከሥራ የቀረ ወንድም ማለት ነው። ስልካቸውን ደውዬ ያነሱት ከሦስት አንዴ ቢሆን ነው። ነርሶቹም ሦስት ጊዜ ተቀያይረዋል፤ ጥሩዎቹ ሠልጥነው ልምድ ሲያገኙ የተሻለ ደመወዝ ወደሚከፍል ይሄዳሉ፣ ይህንንም በእነሱ አልፈርድም። ፊዚዮቴራፒስቱ የሚመጣው በወር አንድ ቀን ነው፤ ከስትሮክ በኋላ ያሉት የመጀመሪያ ወራት ለእጅና እግር መመለስ ዋነኛ ሆነው ሳለ ይህ እጅግ ያንሳል። የአዋቂ ዳይፐር አይሰጡም፤ ዋጋው ከነርሷ ክፍያ በልጦ ቤታችንን ያጎበጠው እሱ ነው። ለሌሊት ደግሞ መልስ የላቸውም።

አንድ ነገር ደግሞ አስቆጥቶኛል። በሦስተኛው ወር አንድ ወጣት ካሜራ ይዞ መጣና ለእርዳታ ሰጪዎች ሪፖርት እንዲሆን እታለምን በአልጋዋ ላይ ፎቶ ሊያነሳት ፈለገ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ተማሪዎቿ ፊት ጥቁር ሰሌዳውን ጠርጋ፣ ቀሚሷን አስተካክላ የቆመችን ሴት በዚያ ሁኔታ ማሳየት አልፈቀድኩም። ልጁ ‹‹ሁሉም ይነሳሉ›› አለኝ። ይህ ለእኔ ከሁሉም የከፋ መልስ ነበር። አገልግሎቱ በፎቶው ምክንያት እንደማይቋረጥ በጽሑፍ እንዲሰጠኝ ጠይቄ፣ ከሁለት ሳምንት ክርክር በኋላ ሰጡኝ፤ ዛሬ በምዝገባ ቅጹ ላይ ‹‹ፎቶ አልፈቅድም›› የሚል ሳጥን ተጨምሯል። ለማረም ፈቃደኛ መሆናቸውን እመሰክራለሁ፤ ሳይጠየቁ ቢያደርጉት ግን ይሻል ነበር።

ስለ ጉብኝት መቅረት ሳነጋግራቸው የሰጡኝ ማብራሪያ የባጃጅ ገንዘብ ነው። ነርስ በቀን አምስት ቤት ለመድረስ አምስት ጊዜ ባጃጅ ትይዛለች፤ ነዳጅ በተወደደ ቁጥር ሂሳቡ ይጨምራል። በቀድሞው የበጎ አድራጎት ማኅበራት ሕግ ለአስተዳደር የሚፈቀደው ከ30 በመቶ እንዳይበልጥ ሲደረግ፣ ትራንስፖርትና ሥልጠና የመሰሉ ወጪዎች ጭምር ከአስተዳደር እየተቆጠሩ ድርጅቶችን ሲያማርሩ ኖረዋል። የ2011 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1113 ጣሪያውን ወደ 20 በመቶ ቢያወርደውም ከፕሮጀክቱ ሥራ ጋር የተያያዘውን ወጪ ከአስተዳደር ስለለየው ሁኔታው ተሻሽሏል። ሆኖም የእርዳታ ሰጪው ልማድ ከሕጉ ቀስ ብሎ ነው የሚለወጠው፤ ወንበር ለመግዛት የሚሰጥ ብዙ ነው፣ ለባጃጅ የሚሰጥ የለም። በቤት ለቤት እንክብካቤ ግን መንገዱ ራሱ ሥራ ነው፤ ነርሷ ካልደረሰች ሆስፒታሉ አልተከፈተም ማለት ነው።

የውጭ ገንዘቡ ውል በሚቀጥለው ዓመት አጋማሽ ያልቃል ተብሏል፤ ይህ ያሳስበኛል። በቀድሞ ሶቪየት አገሮች ከተጀመሩት መካከል ለጋሹ ሲሄድ አብረው የከሰሙ ብዙዎች ናቸው፤ የቆዩት ከመንግሥት በጀት ጋር የተሳሰሩት ናቸው። አርሜኒያ ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. ከ1988ቱ የመሬት መንቀጥቀጥ ዘመን ጀምሮ የሚሠራው ‹‹ሚሽን አርሜኒያ›› አረጋውያንን በቤታቸው የሚረዳው ከመንግሥት ጋር ወጪ እየተጋራ ነው። በሩሲያም እ.ኤ.አ. ከ2015 መባቻ ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው ሕግ መንግሥታዊ ያልሆኑ ድርጅቶች በማኅበራዊ አገልግሎት ሰጪነት ተመዝግበው ለሠሩት እንዲከፈላቸው በር ከፍቷል፤ አፈጻጸሙ ከቦታ ቦታ ቢለያይም። እዚህ ድርጅቱ ከከተማው አስተዳደር ጋር መነጋገሩን ነግረውኛል፤ በእጅ የተያዘ ነገር ግን አላየሁም። የሚመዘገብ ሰው ‹‹ውላችሁ መቼ ያልቃል፣ ከዚያስ?›› ብሎ መጠየቅ ይኖርበታል፤ እኔ ሳልጠይቅ ነው የገባሁት።

ይህ ሁሉ ሆኖ እታለም ዛሬ በምርኩዝ እስከ ግቢው በር ትሄዳለች፤ ገላዋ ላይ አንድም የአልጋ ቁስል አልወጣም። ሐሙስ ጠዋት ነርሷ ከመምጣቷ በፊት ፀጉሯን በቀኝ እጇ ብቻ ለማበጠር ትታገላለች፣ እንድናግዛት አትፈቅድም። ለአገልግሎቱ ነጥብ ስጥ ብባል ከአምስት አራት እሰጣለሁ፤ የቀረችዋ አንድ ነጥብ የስልኩና ሳይነገሩን የቀሩት የሦስቱ ጉብኝቶች ናት።

በውሰት የሰጡን ወንበር የግራ ጎማው ሲሽከረከር ይጮህ ነበር። ፈትቼ ሳየው ኩሽኔታው አልቋል፤ ከድሮ የሥራ ባልደረባዬ ጋራዥ ልኩን አገኘሁና ቀይሬ፣ ግራሶ አጠጥቼ መለስኩት። ይህን ለነርሷ ስነግራት በድርጅቱ ዕቃ ቤት በተመሳሳይ ብልሽት የቆሙ ስድስት ወንበሮች እንዳሉ ነገረችኝ። ቅዳሜ ካቻቪቴና መፍቻ ይዤ ሄድኩ፤ ሁለቱን ጨርሻለሁ። የአንዱ ከመነዳሪ ተቀዷል፣ ልኩ አዳማ ገበያ ላይ አልተገኘም፤ አዲስ አበባ መርካቶ ላስፈልግ ልኬአለሁ።